በጋዜጣው ጠርዝ ላይ የተጻፈው

ወጣት ሳለሁ ካጠፋኋቸው ጥፋቶች ሁሉ ትልቁን ያጠፋሁት በሕይወቴ እጅግ ታታሪ በነበርኩበት ሳምንት ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ እገባለሁ፤ ምሳዬን ቆሜ እጎርሳለሁ፤ ማታ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። ያን ሳምንት ብሰንፍ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ቃሊቲ ነው፤ በባቡር ሐዲዱና በደብረ ዘይት መንገድ መካከል የቆመ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የድሮ የእህል መጋዘን። የምናስቀምጥበት ግን እህል ሳይሆን የደረቀ ተክል ነበር። ከየአገሩ ለብዙ ዓመታት የተለቀመ ቅጠል፣ አበባ፣ ሥርና ፍሬ በጋዜጣ መካከል ተጨፍልቆ ይደርቃል፤ ከዚያ በወፍራም ወረቀት ላይ በክርና በሙጫ ይያያዝና ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። የት ቦታ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ይበቅል እንደነበር ማወቅ የፈለገ ተመራማሪ መጥቶ ያያል። ስብስቡ ቀድሞ መሀል ከተማ ደህና የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር አሉ። አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ለአንድ ኮሚቴ ተፈለገና ተክሎቹ በጭነት መኪና ተጭነው እዚህ ተራገፉ። የሰፈር ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ "ድርቆሽ ጠባቂ ነኝ" እል ነበር። ቀልድ አልነበረም። ያን ጊዜ ለእኔ ድርቆሽ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዘመቻም ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ከዘበኛው ሌላ ሦስት ነበርን። አንዱ ኃላፊያችን ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ነገር የማያበዛ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የማያጣ ሰው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ቁጡ፣ ችኩል፣ የጀመርኩትን አሁኑኑ ካልጨረስኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ። ሦስተኛው ሽማግሌው ሰብሳቢያችን ነበሩ።

እሳቸው የዚያው የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ተክል ሊሰበስብ የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው በቅሎ ጫኝ አድርጎ ቀጠራቸው። በቅሎዋን እየነዱ እሱ የሚያደርገውን አዩ፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ሥራው ለእሳቸው ቀረ። ፊደል የቆጠሩት በልጅነት ሳይሆን ያን ጊዜ፣ በቅሎ እየነዱ ነው። አንድ ቅጠል ብታሳያቸው ግን ስሙን በኦሮምኛ፣ በአማርኛና ምሁራኑ በሚጠሩበት በላቲን ይነግሩሃል፤ ላቲኑንም የሚጠሩት የአክስታቸውን ልጅ ስም የሚጠሩ ያህል ተዝናንተው ነው። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሰኔ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ።

ከመጋዘኑ ቁም ሳጥኖች ሁሉ በመስኮቱ በኩል ያለው የመጨረሻው የእሳቸው ነበር። አይቆለፍም፣ ስምም አልተጻፈበትም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፋብሪካው ሁሉ ሳይተከል በፊት፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር፣ ከረግረጉ፣ ከምንጩና ከእርሻው ድንበር የሰበሰቧቸው መቶ ሰላሳ ምናምን ተክሎች ተቀምጠውበታል። ወፍራም ወረቀት ላይ ለመለጠፍ ተራቸው ስላልደረሰ፣ መጀመሪያ በደረቁበት ጋዜጣ ውስጥ እንዳሉ፣ በሲባጎ ታስረው ነበር።

ያን ሰሞን ጋሼ ጉልበታቸው አብጦ የሁለት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ወጡ። ኃላፊያችን ደግሞ አንድ ጠዋት ጠራኝና "ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ መጋዘኑን አጽጂው" ብሎኝ ወደ ከተማ ሄደ። አጽጂው ሲለኝ መጥረጊያ ማለቱ ነበር።

አቧራ ላራግፍ የጋሼን ቁም ሳጥን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን እስር ፈታሁ። ከላይ ንጉሡ ኒሻናቸውን ደርድረው ትክ ብለው አዩኝ።

ልቤ ስንጥቅ አለ። ያን ጊዜ ያልኖረ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። በእኛ ሰፈር አንድ ጎረቤታችን ፍራሹ ውስጥ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም። ምን ወረቀት እንደሆነ ማንም አልነገረንም፤ ስለዚህ ወረቀት ሁሉ ያስፈራን ነበር። እናቴ የአባቴን የድሮ የሥራ ምስክር ወረቀት ሳይቀር ቀዳዳ እየፈለገች ትሸጉጥ ነበር። እኔ ደግሞ የወደቀውን መንግሥት ፎቶ በደርዘን የሚያስቀምጥ ቁም ሳጥን ፊት ቆሜያለሁ፤ ጎብኚ ሊመጣ ነው፤ የቁም ሳጥኑ ባለቤት ታመው ቤታቸው ተኝተዋል። ጋሼ ሊታሰሩብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ላድናቸው ተነሣሁ።

አዲስ ጋዜጣ ሞልቶናል፤ በየገጹ ሊቀመንበሩ ቆመው ንግግር የሚያደርጉበት። እያንዳንዱን ተክል ከአሮጌው ጋዜጣ በጥንቃቄ አንሥቼ ወደ አዲሱ አዛወርኩ። እጄ ጎበዝ ነው፤ አንድ ቅጠል አልሰበርኩም፤ ቅደም ተከተላቸውንም አላፋለስኩም። ንጉሡ ያሉባቸውን የፊት ገጾች ደቃቅ አድርጌ እየቀደድኩ ግቢያችን ውስጥ ካለው ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመርኳቸው። የውስጥ ገጾቹን ማጥፋት ግን አሳዘነኝ፤ ደህና ወረቀት ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ላሉት ባለ ሱቅ መጠቅለያ ይሁንዎት ብዬ ሰጠኋቸው።

በጋዜጦቹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጫረ ነገር አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። ቁጥርና አንዳንድ ቃል ነበር። ጋዜጣ አዟሪ ለራሱ የጻፈው መሰለኝና አለፍኩት።

ጎብኚዎቹ መጡ። በር ላይ ቆመው የናፍታሊኑ ሽታ ራሳችንን አዞረን አሉና አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ሄዱ። አንድም ቁም ሳጥን አልከፈቱም።

ጋሼ ምርኩዝ ይዘው በተመለሱ ዕለት እጃቸውን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳቸው። ምስጋናዬን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። የመጀመሪያውን እስር ፈቱ። ጋዜጣውን ገለጡ፤ ተክሉን አዩ፤ ከዚያ የጋዜጣውን ጠርዝ ዙሪያውን በጣታቸው እየዳሰሱ ፈለጉ። ዘጉት። ሁለተኛውን ገለጡ። ሦስተኛውን።

"አሮጌው የት ገባ?"

"ቀየርኩት እኮ፣ ጋሼ። የጃንሆይ ፎቶ ነበረበት። ቢያገኙብዎትስ?"

"ጽሑፉስ?"

"የቱ ጽሑፍ?"

በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። ከዚያ በቀስታ፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ፣ አስረዱኝ። ተክል ሲሰበሰብ ሰብሳቢው እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጠ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ዝርዝሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው አንዲት በቅሎ ከነደብተራቸው አዋሽ ውስጥ ስለገባችባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ደብተር ብቻ አላምንም ብለው ቦታውንም፣ ቀኑንም፣ የአበባውንም ቀለም እዚያው ጠርዙ ላይ ይጽፉ ነበር። አበባ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል። የቀረው ጽሑፉ ብቻ ነበር።

ኃላፊያችን ተጠራ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "የመስክ ደብተርዎ አለ አይደል?" አላቸው።

"የለም" አሉ ጋሼ። ለምን እንደሌለ አልተናገሩም።

"እንግዲያው ችግር ነው። ሰኔ መጨረሻ የብረት ቁም ሳጥኖቹ ይመጣሉ፤ ለሁሉ አይበቁም። ቦታና ቀን ያለው ይገባል። የሌለው ገለባ ነው፤ ይቃጠላል፤ ሕጉ ነው" አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሳቸውን ሳያይ።

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። "ሱቅ ነው የሰጠሁት! እንሄዳለን፣ እናመጣዋለን!" ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። "ሁሉንም ነው ለሱቅ የሰጠሽው?"

"ሁሉንም" አልኩ።

ውሸቴ ይህች ናት። ለምን እንዳልኩት ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል ነበር። መኪና ቢበላሽ፣ ማሽን ቢቆም፣ ፋይል ቢጠፋ አንድ ሰው አሻጥረኛ ተብሎ ይወሰዳል። ለሱቅ ሰጠሁ ማለት ሞኝነት ነው፤ ቀድጄ ሽንት ቤት ጨመርኩ ማለት ግን የመንግሥት ንብረት አወደምኩ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዐይናቸውን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ፈራሁ፤ አፈርኩም። ሁለቱም ነው።

ባለ ሱቁ የወሎ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸው የአሰብ መንገድ ሹፌር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ሐጂ" ይላቸዋል። የሆነውን ሲሰሙ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ያ አላህ! እኔ እኮ ሻይ ቅጠል ስጠቀልልበት ሰነበትኩ!"

"ምንም አልተረፈም፣ ሐጂ?"

"አብሽሪ፣ ግማሹ አለ።" ከባንኮው ሥር ከረጢቱን ጎትተው አወጡ። "የሄደውንም ወላሂ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ይቺ በርበሬ ወሰደች፣ ያ ምስማር ወሰደ፣ ያቺ የጨርቃ ጨርቋ ሠራተኛ ደግሞ ለግድግዳዋ አሥራ አምስት ገጽ ለምናኝ ወስዳለች። ቆዩማ፣ ቤታቸውን ልንገራችሁ።"

የሐጂ ጭንቅላት ጉድ ነው። ማን ምን እንደገዛ ከሳምንታት በኋላ እየቆጠሩ ነገሩን፤ የቤቱን በር ቀለም ሳይቀር። እኔም ጻፍኩ። በማግስቱ እኔና ጋሼ ጉዞ ጀመርን።

ቤት ለቤት ጋዜጣ የሚለምን ሰው በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚታይ መገመት ይቻላል። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ በቀዳዳ ያያሉ። ከዚያ አንዲት ቁጡ ልጅና ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ በርበሬ የተጠቀለለበት ወረቀት ይኖራችኋል ወይ ሲሉ ይሰማሉ። አንዷ ሴትዮ "እኔ ምንም አልጠቀለልኩም!" ብላ በሩን ጠረቀመችብን። እኔ ቆሽቴ አርሮ በሩን ልደበድብ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። በኦሮምኛ አናገሯት፤ ስለ አባቷ ጤና ጠየቁ፤ ለካ አባቷን ያውቁታል፤ ጥጃ አብረው ያገዱ ናቸው። በሩ ተከፈተ። በርበሬ የነካው ወረቀት አምስት ይዘን፣ እርጎም ጠጥተን ወጣን።

የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛዋ ቤት ስንገባ ጋሼ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ቆሙ። የጭቃ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል። ከአልጋው በላይ፣ በፊደሎቹ መካከል፣ ቡናማ የቅጠል ጥላ ይታያል። ተክል ሲደርቅ እርጥበቱ ወረቀቱ ላይ ቅርጹን ይተዋል፤ ከነግንዱ፣ ከነቅጠሉ ጥርስ። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ጋሼ በእጃቸው ሳይነኩት ጣታቸውን በጥላው ዙሪያ አዞሩ፤ የቅጠሉን ስም በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በላቲን ጠሩ።

እርጥብ ጨርቅ እያደረግን የተለጠፈበትን ሊጥ አለሰለስነውና ግማሽ ቀን ሙሉ ስንልጥ ዋልን። ለሴትየዋ አዲስ ጋዜጣ አምጥተን በምትኩ ለጠፍንላት። መራጭ ናት፤ "የሊቀመንበሩ ፎቶ ያለበትን በበሩ ትይዩ አድርጉልኝ፤ ቀበሌዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው" አለችን።

ሦስት ሳምንት ዞርን። ጋሼ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ አያማርሩም። አንድ ቀን ሐዲዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስናርፍ፣ ሳልጠይቃቸው፣ የደብተሩን ነገር አወሩኝ። አሰሳ በነበረ ጊዜ ባለቤታቸው ደብተሩን አግኝታ ገለጠችው። ቁጥር፣ የቦታ ስም፣ የማታውቀው የፈረንጅ ቃል። የምስጢር ወረቀት መሰላት። ባሌን ሊገድሉብኝ ነው ብላ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

"ምን አሏት?" አልኩ።

"ምን እላታለሁ? እኔን ልታተርፍ ነው ያቃጠለችው።" ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አዞሩ። "እሷ ግን ሦስት ወር ሙሉ አልነገረችኝም። ምግብ ስታቀርብ ቀና ብላ አታየኝም ነበር።"

የዚያን ዕለት ልናገር አፌን ከፈትኩ። ባቡሩ መጣ፤ እስኪያልፍ ጠበቅን፤ ካለፈ በኋላ ድፍረቴም አብሮት ሄዶ ነበር።

ያገኘነውን መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ተክሉን አንሥተን ከጥላው ጋር እናስተያያለን። ቅደም ተከተሉን አለማፋለሴ እዚህ ላይ ጠቀመን። የታጠፈ ጫፍ ያለው ቅጠል ጥላውም የታጠፈ ጫፍ አለው። ትል የበላት ቅጠል ቀዳዳዋ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ተክሉ ጥላው ላይ ልክ ሲገጥም የሚሰማኝ ደስታ ልጄን የወለድኩ ቀን ብቻ ነው የተደገመው። ያኔ ጠርዙ ላይ ያለውን እርሳስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። "ከድልድዩ በታች፣ ከውሃው አንድ እርምጃ፣ አበባው ቢጫ፣ ጥቅምት።" "አጃ እርሻ ውስጥ፣ አበባው ነጭ፣ ንብ ነበረበት።" አንዳንዱ ቦታ ላይ አሁን የፋብሪካ አጥር አለ። አንዳንዱ ተክል ደግሞ ጋሼ እንዳሉኝ ካዩት አሥር ዓመት አልፏል። ድርቆሽ የሚለው ቃል ከአፌ የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

ሰኔ ጋመሰ። መቶ ተክል ወረቀቱን አገኘ። ሠላሳ አንዱ ቀረ።

ጋሼ ሠላሳ አንዱን ለብቻ ደረደሯቸው። ከላይ ያደረጉት በሕይወታቸው መጀመሪያ የሰበሰቡትን ነበር፤ አባታቸው ከብት የሚያጠጡበት ምንጭ ዳር የምትበቅል ትንሽ ተክል። ምንጩ ከመጋዘናችን ጀርባ ነበር። አሁን ከፋብሪካ የሚመጣ ጥቁር ውሃ ያልፍበታል።

"ከሐዲዱ ማዶ ያሉት ቤቶች ይቀሩናል" አሉ ምርኩዛቸውን እያነሡ። "ነገ እዚያ እንሞክር።"

ጉልበታቸው በሱሪያቸው ሥር አብጦ ይታየኛል። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

"አይሂዱ" አልኩ። "የለም። የትም የለም። የንጉሡ ፎቶ ያለበትን ሁሉ ቀድጄ ሽንት ቤት ጨምሬዋለሁ። ሁሉንም ሱቅ ሰጠሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ሦስት ሳምንት በከንቱ አንከራተትኩዎት።" እያለቀስኩ ነበር፤ በራሴም እየተቆጣሁ።

ጋሼ ተመልሰው ተቀመጡ።

"አውቅ ነበር" አሉ።

"እንዴት?"

"የመጀመሪያው ቀን ከሐጂ ሱቅ ያመጣነውን ስንዘረጋ አንድም የፊት ገጽ አልነበረበትም። ጋዜጣ ያለ ፊት ገጽ አይታተምም፣ ኢንተላ ኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ለምን ያን ሁሉ በር አንኳኩ?"

"የምናገኛቸውማ ነበሩ፤ አገኘናቸውም። የሠላሳ አንዱን ነገር ደግሞ…" ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉ። "ባለቤቴን ያን ጊዜ ቶሎ ጠይቄያት ቢሆን ደብተሩን አይጥ በላው ትለኝ ነበር። ሰው ሲፈራ ስትጠይቂው ይዋሻል። ስትጠብቂው ይናገራል። ጠበቅኩሽ።"

ሆዴ ባባ። ከዚያ ቁጣዬ ተመለሰልኝና "እንግዲያው ይንገሩኝ፤ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ! የምንጩን ተክል ቦታ ያውቁት የለም እንዴ?" አልኩ።

"ቦታውን አውቃለሁ። ቀኑን አላውቅም። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ አላስጽፍም።"

ወደ ኃላፊያችን ሄድን። ሁሉን ነገርኩት። እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። በዚህ ሥራ አንድ ልማድ አለ፤ በተክሉ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ቢሳሳትም አይፋቅም፣ አይነቀልም። ያወቀ ሰው ትንሽ ማስታወሻ ጽፎ፣ ስሙንና ቀኑን አድርጎ፣ ከጎኑ ይለጥፋል። ስህተቱም እርማቱም አብረው ይኖራሉ።

"ሰብሳቢው በቃሉ የተናገረው ቦታ ተብሎ በግልጽ ከተጻፈ ያስገባዋል" አለ። "ግን ዋናው ወረቀት ለምን እንደጠፋ መጻፍ አለበት። ማን እንዳጠፋውም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነገ አንዱ ያን አንብቦ አሻጥረኛ ቢልሽስ? አስቢበት" አለኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

አሰብኩበት። እናቴን አሰብኳት። ከዚያ የጋሼን ጉልበት አሰብኩና ብዕር አነሣሁ። ጋሼ ቦታውን ይነግሩኛል፤ ወሩን በአበባው ያውቁታል፤ ዓመቱን አላውቅም ይላሉ፤ አላውቅም ብዬ እጽፋለሁ። ከሥሩም ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ስሜን ጨምሬ፣ አንድ ዓይነት ቃል ጻፍኩ፦ "ዋናው ጽሑፍ የጠፋው በእኔ እጅ ተቀዶ ነው።" የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ጠማማ ናቸው። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ጽሕፈቴ አማረ።

የብረት ቁም ሳጥኖቹ መጡ፤ መቶ ሠላሳ አንዱም ገቡ። ለማጣበቅና ለመደርደር የመጨረሻውን ሳምንት ጋሼ ብቻቸውን ሠሩ፤ እኔን ሌላ ሥራ ላይ አደረጉኝ። ሰኔ ሠላሳ ቀን ቁልፉን ለእኔ ሰጥተውኝ ጡረታ ወጡ። ሁለት ዓመት ያህል በየበዓሉ ቤታቸው እየሄድኩ ጠየቅኳቸው። ባለቤታቸው ታሪኬን ሰምታለች፤ ወረቀት ያጠፋውን እጄን ይዛ ታገላብጠውና ትስቃለች። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ጋሼ አረፉ።

አሻጥረኛ ያለኝ ሰው አልመጣም። እኔ ግን ሠላሳ አንዱ ያሉበትን መሳቢያ ለዓመታት አልከፈትኩትም። ስሜን እዚያ ማየት ይከብደኝ ነበር፤ ሌላ ሠራተኛ እንዲያወጣ አደርግ ነበር።

በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አንዲት ተመራማሪ መጣች። የአቃቂ ረግረግ ሳይደርቅ በፊት ምን ይበቅልበት እንደነበር የምታጠና ነበረች። ሌላ ሰው አልነበረም፤ መሳቢያውን ራሴ ከፈትኩት። የምንጩን ተክል አወጣሁ። ማስታወሻዬ ከነስሜ እንዳለ ነው። ከሥሩ ግን እኔ ያልጻፍኩት አንድ መስመር ነበር፤ በእርሳስ፣ ፊደል ትልቅ ሆነው በተማሩት ሰው ጽሕፈት፣ ልክ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ እንደነበሩት፦

"ሌሎቹን መቶ ፈልጋ ያገኘችው ይህችው ልጅ ናት።"

ሁለተኛውን አወጣሁ። ሦስተኛውን። ተመራማሪዋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሠላሳ አንዱንም ገለጥኩ፤ ሠላሳ አንዱም ላይ ጽፈዋል።